አራት ደብዛዛ ነጥቦች

ሶልማዝ ማለት በእነሱ አፍ፣ «የማትደበዝዝ»፤
ሥራዋ ግን መቁጠር ነው፣ የውኃን መደብዘዝ።
ታብሪዝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮት የራቀ ወንበር፤
ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥር የኡርሚያን መልክ መመርመር፦

ሚያዝያ አረንጓዴ ነው፣ በረዶው ቀልጦ ሲወርድ፤
ሰኔ ዳር ዳሩ ይቀላል፣ እንዳፈረ ሰው ጆሮ ሲነድ፤
ነሐሴ ውኃው ሲያጥር፣ ጨው ሲበረታ፣ ፀሐይ ሲከር፣
ዓይን የማያያት ዋቅላሚ ሐይቁን ደም ውስጥ ስትነክር።

ማታ ማታ ይደውላል አባቷ ባላሽ፣ የጀልባ ሰው፣
ሸረፍኻኔ ወደብ ላይ ጀልባውን ጨው የዋጠው።
«ዛሬስ ምን መሰለ?» ይላል፣ ደጁ ላይ ያለውን ሐይቅ።
«ቀላ።»
«ውሸት!»
አንድ ማለዳ፣ ሳያማክር፣ ሳያስጠነቅቅ፣
በጠርሙስ ቀድቶ መጣ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አቅፎ፣
ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው፣ ወረቀቷን ገፍቶ፣ አልፎ።
«የታለ ቅላቱ?»
ጥርት ያለ። ከሥሩ ጨው።
ምን ትበል? ቀለም ጥልቀት ይሻል፣ ርቀት ነው የሚገልጠው።

የእናቷም ነገር እንዲሁ ነበር፤ አብሯት ውሎ አብሯት ሲያድር
መገርጣቷን እሱ አላየም። በወር አንዴ መጥታ፣ ከበር
ሳታልፍ ያየችው ልጅ ነች። ይህን ግን አላነሱም።
ይልቅ፣ «እኔንስ ታይኛለሽ?» አላት።
«አባዬ፣ አንዷ ነጥብ
አሥር ሜትር በአሥር ናት፤ ሰው አይሞላትም።»
ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ሞርዳድ በሚሉት ወር፣ ከቤት ቤት ዞሮ ዞሮ፣
የመኪና ሸራ፣ የሠርግ ድንኳን፣ ሰማያዊውን ሁሉ ተበድሮ፣
የምታልፍበትን ሰዓት ከልጁ አፍ ሰርቆ፣
ጨው ላይ አነጠፈ፣ በእርምጃው ለክቶ፣ በድንጋይ አጥብቆ፤
መሐሉ ቆመ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ሐሙስ ምስሉ ደረሰ። ሐይቁ ቀይ፤ ዳሩ ነጭ።
ሰማይ ግን የራሱ መረብ አለው፣ የራሱ ቤት፤
የሽማግሌው ሸራ የወደቀው አራቱ በሚዋሰኑበት።
አንድ ሰማያዊ ነጥብ ሳይሆን፣ አራት፣ ሁሉም ገርጣጣ፤
«ስህተት፤ ይሰረዝ?» የሚል ጥያቄ ከኮምፒዩተሩ መጣ።

ስልኩ ጮኸ።
«ዛሬስ ምን መሰለ?»
እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ፣
«ሰማያዊ» አለች።
ዝም አለ።
ጉሮሮውን ጠረገ። «በይ እንግዲህ» አላት ኋላ፣
«ድንኳኑን ልመልስ፤ ሠርጋቸው ነገ ነው፣ ከምሳ በኋላ።»