«አልፈራሁም»

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፤ ሰው ያልገባበት ሕንፃ፣
ሠላሳ ሁለት ፎቅ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ፤
እኔ የሌሊት ዘበኛው፣ ወንበሬን አስጠግቼ
በሊፍቱ መስታወት በር፣ በብርሃኑ የማነብ።

የምታውሰኝ ሸሪፋ ናት፤ ፀጉር ቤቷ እዚያ ማዶ፣
በየገጹ ጥግ የሒና ጣት አለ፣ እንደ ዝገት ወርዶ።
ከመርካቶ በካርቶን፣ ከበርበሬ ጋር ይመጣላታል፤
አስፈሪው ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ያስነጥሰኛል።
ስትጨርስ በእርሳስ፣ በኅዳጉ፣ ትጽፋለች አንድ ቃል፦
«አልፈራሁም።»
የሸሪፋ ሂስ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

የመጀመሪያው ወፍራም ነው፤ አምስት መቶ ገጽ፤
የወረሱት ቪላ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ የሌሊት ድምፅ።
ሟቿ በሦስተኛው ገጽ ነጠላዋን ለብሳ ከች አለች፤
እንግዳ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም፣ በር እንኳ አላንኳኳች።
ከዚያ ወዲያ ታስረዳናለች፦ ማን እንደ ገደላት፣ ለምን፣
እንደ ፍርድ ቤት ምስክር፣ ከነሰዓቱ ከነቀን።
ማብራሪያ ሲበዛበት ፍርሃት እንደ ሻይ ይቀዘቅዛል፤
የተብራራ ሙት ጎረቤት ነው፣ ስኳር ሊበደር ይመጣል።
ዳሩ ግን አንድ አንቀጽ አለ፣ ባልዋ በጨለማ ቁጭ ብሎ
የቀሚሷን ቁልፎች በጣቱ ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ፣ ዳስሶ፣
አንድ ይተርፈዋል። እንደገና ይቆጥራል። ይተርፈዋል።
ያን ሁለቴ አነበብኩት። ደራሲው እዚያ ቢያቆም ምን አለበት፣ ምን ይጎድለዋል?

ሁለተኛው የአጫጭር ታሪክ ነው፤ አሥራ አንድ፤
አንዱ ስለ አንጥረኛ፣ ማታ ማታ ጅብ ሆኖ ሲሄድ።
ይሄን አልምርም። አጎቴ ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር፤
ሲያልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ነበር።
ጅብ ሲሆን አላየሁም። እኔ ያየሁት
ገበያ መሀል ለብቻው ቆሞ፣ ሰው ሲርቀው፣ ማጭዱን ግን ሲገዙት፣
ሳንቲሙን መሬት ላይ ሲያስቀምጡለት።
ደራሲው ያንን ቢጽፍ ኖሮ ሌሊቱን ባልተኛሁ፤
ከሸሪፋ ቃል ሥር «እኔ ግን አፈርኩ» አልኩ፣ እርሳስ ተውሼ፣ ጻፍሁ።

እዚያው መድበል ውስጥ የትሬላ ሾፌር አለ፣ በሊዋ አሸዋ መንገድ፤
ሬዲዮው የአየር ጠባይ ያነባል፣ አሥር ከተማ፣ አንድ በአንድ፣
አሥራ አንደኛው ስም የለውም፤ ሙቀቱ ብቻ ይነገራል፤
ሾፌሩ መስኮቱን ይዘጋል፣ መስኮቱ ግን ተዘግቷል።
እሰይ! አልኩ። ገጹን ገለጥኩ፤ «ለካስ ሕልም ነበር» ይላል።
በሕልም የሚጨርስ ደራሲ እራት ጠርቶ
ሰሐኑን ባዶ የሚያቀርብ ነው፣ ውሃውን ብቻ ሞልቶ።

ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋን የለው፣ የደራሲ ስም የለው።
ገጽ አርባ ላይ ያለው ታሪክ ሦስት ገጽ ነው፣ ይኸው፦
ሴትዮዋ ዕቃ ታጥባለች። ቤተሰቡ አራት ናቸው፤
በየማታው የሚቆሽሸው ሰሐን አምስት ነው።
አትጠይቅም። ታጥባለች። ታደርቃለች። ትደረድራለች።
አንድ ማታ ሰሐኑ አራት ሆነ።
አለቀ።

ይኸው ነው። የዘንድሮ ምርጤ። ሙት የለ፣ ጥርስ የለ፣ ደም የለ፤
የራሴን አንድ ሰሐን አጥቤ፣ ዞር ብዬ አየሁት፣ አለ።
ከሥሩ በእርሳስ «አልፈራሁም» ተብሏል፤
የም እግሯ ትንሽ ጠምዘዝ ብሏል፣
ቃሉ ወደ ታች ወርዷል።

ስመልስላት «እንዴት ሳትፈሪ?» አልኳት፤
ሸሪፋ የሴት ፀጉር በማበጠሪያ ይዛ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ፦
«የቱን? ሽፋን የሌለውን? ገና አልከፈትኩትም» አለችኝ።

ይዤው ተመለስኩ። ላጲስ ነበረኝ፤ ተውኩት።
ከቃሉ ሥር ቦታ አለ፣ ለአንድ ቃል የሚበቃ፤ እርሳሱን ቀረጽኩት፤
ምን ብዬ ልጻፍ? እያልኩ ሳለ ሊፍቱ ወደ ላይ ሄደ፣
ብርሃኑንም ይዞ፣ ገጹን በእጄ አጨልሞ ሄደ።
ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው፣ አልኩ፣ ሥራ የቀራቸው።

ዓርብ ነበር። ቁልፋቸው ኪሴ ውስጥ ነው።