የገመድ ሳቢው እጅ

ሙሐረቅ፣ በጠባቡ መንገድ፣ ከዓሣ ገበያው ጓሮ፣
ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ያሰማል የራሱን ሮሮ፤
እኔ የሐጂ ዑበይድን ክንድ ከትራሱ ላይ አንስቼ
አጥፌ እዘረጋለሁ፣ መዳፌን ዘይት ቀብቼ።
"ዋሒድ፣ ኢትነይን" እላለሁ፣ በተሰባበረ ዓረብኛ፣
እሱ ያርመኛል፤ ግማሹ ነቅቷል፣ ግማሹ የተኛ።

ሰማንያ ስድስት ዓመቱ።
ከክንዱ ላይ ሥጋው አልቋል፣ ጅማቱ ግን ገና አለ፤
ልጅ ሆኖ ነው፣ በአሥር ዓመቱ፣ ጀልባ ላይ የተሰቀለ።
"ሰይብ ነበርኩ" ይለኛል፣ ሳቢ። ጠላቂው ሉል ፍለጋ
ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ ሲወርድ ወደ ባሕሩ አልጋ፣
እሱ ከላይ ጫፉን ይዞ፣ ገመዷ ነቅነቅ ስትል፣
"ሳብ!"
እጅ በእጅ ላይ እየተካ፣ ክንድ ከክንድ ሲያፈራርቅ፣
ሰው ይመዛል ከጥልቁ፣ ትንፋሹን ሳይነጠቅ።

ይህን ሲያወራኝ አንዲት ክፍል ትዝ ትለኛለች፣
መስኮቷ የተሰበረ፣ አሥራ ሁለተኛ "ለ"፣ ወሊሶ ያለች።
መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፤ መምህር ጉተማ በእኛው፦
"ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ አያጥሩም፤ እንደ ልካቸው ናቸው፣
አንዱ በአንዱ መሀል ሲንሸራተት ነው የሚቀራረብ ጫፋቸው።
ቀጭኑ አክቲን ገመድ ነው፤ ወፍራሙ ማዮሲን ሰው፣
ብዙ ራስ፣ ብዙ ክንድ ያለው፣ ገመድ ጉተታ የለመደው።
ግን ገመዱ ዝም ብሎ አይያዝም፤ መያዣው ተሸፍኗል፣
ቀጭን ጥምጥም ተጠምጥሞበት ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል።
ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ ካልሲየም እንደ ጎርፍ ይገባል፣
ጥምጥሙ ሸርተት ይላል፤ ያን ጊዜ እጅ ገመድ ይስባል።"
አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤
ክሩን ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂቷን ያስጠጋል።
ይለቃል። ይቃናል። ይይዛል። ደግሞ ይለቃል።

ፈተና ላይ ጠየቁን፦ "ራሱ ስቦ ሲጨርስ፣ አዲስ ኤቲፒ ምን ያደርጋል?"
"እንደገና ያስባል" ብዬ ጻፍኩ። ማን ሌላ ይጠረጥራል?
ቀይ ኤክስ። ከጎኑ ደግሞ፦ "መጀመሪያ ያስለቅቃል።"
ተከራከርኩ። "መልቀቅ ምን ጉልበት አለው? ድንጋይ ይወድቃል ከእጅ!"
"ይገባሻል" አሉና አለፉ፣ "አትቸኩዪ፣ አንቺ ልጅ።"

ነጥቤ አነሰ። ደላላው መጣ፣ ፓስፖርቴም ወጣ፣
ሌላ ምንም አልነበረኝም ከክንዴ ጋር የሚመጣ።

ረቡዕ ዕለት ከሱብሂ በኋላ ውሃ ይዤ ስገባ
ሐጂ ቀዝቅዟል። መንጋጋው ደርቋል።
ከራስጌው የማይለያትን አሮጌ የገመድ ቁራጭ
ጨብጧት ነው ያደረው።
ላስለቅቀው ሞከርኩ። እንቢ።
ልጁ ሻሂን በሩ ላይ ቆሞ፦
"አባቴ እኮ ነው! ሞቶም ገመድ አይለቅም" አለ፤ አለቀሰ።

እኔ ምን ልበል? በዚያ ደረቅ መዳፍ ውስጥ
እልፍ አእላፋት ሳቢዎች ታዩኝ፦
ካልሲየሙ ፈሶ በሩ ተበርግዷል፣ ሁሉም ክሩን ይዟል፣
የመጨረሻዋን ስቦ፣ አንገቱን ሰብሮ ቀዝቅዟል።
ልቀቅ የሚል መልእክተኛ አይመጣም።
ይህ ጽናት አይደለም ሻሂን፣ ባሕሩንም አለመርሳት፤
የመልቀቂያ ስንቅ ማጣት።

አጣቢው፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ሙቅ ውሃ ይዞ መጣ፣
አልታገለውም። ክንዱን አሸት አሸት አድርጎ፣ ጣት በጣት ሲያፍታታ፣
ገመዷ ብቻዋን ወጣች።

ማታ መምህር ጉተማን ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው።
"ድንቄ ነኝ፣ የ'ለ' ክፍሏ። ኤክሱ ገባኝ።
ሁለት ነጥቤ ግን አሁንም ይቆጨኛል።"
አልመለሱም እስካሁን።

ዛሬ ጣሪያው ላይ የሐጂን አንሶላ አጥባለሁ።
ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጨመቅ፣ ለቀቅ።
የትናንት ሩዝ ነው
ጣቶቼን የሚያስለቅቅ።