ቆራሌው በኪሩና

ኪሩና ላይ፣ በታኅሣሥ እኩሌታ፣
ፀሐይ የዓመት ፈቃድ ወጥታ፣
ቀን የሚሉት ነገር፣ ሰማያዊ ጭላንጭል፣
ሁለት ሰዓት ቆይቶ ተመልሶ ሲከስል፣
እኔ በእጅ ባትሪ ብረት እዳስሳለሁ፣
ከሰማይ የመጣ እንግዳ እግር አጥባለሁ።

ማለዳ ነው የተነሣው። በረዶውን አቅልጦ፣
ደመናውን በርቅሶ፣ ከዓይናችን አምልጦ፣
ጥቂት ቆየ። ዝም አልን። ማንም አልተነፈሰም።
የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣
አወራረዱ ነው እንጂ።
ከዚያ በጅራቱ ነዶ፣ ዘመም ቀና ብሎ፣
እንደ ሰከረ ሽማግሌ ራሱን አባብሎ፣
ከተነሣበቱ ከሲሚንቶው መሐል
በአራት እግሩ ቁጭ አለ፤ ጫማው ይተናል።

ሥራዬ ስንጥቅ ነው። ጥቀርሻውን ጠርጌ፣
ጆሮዬን ካንዱ እግር አጠገብ አድርጌ፣
በጥፍሬ አንኳኳለሁ።
መሣሪያው ኋላ ይመጣል፣ በስክሪኑ ያየዋል፤
ጆሮ ግን ይቀድመዋል።

ይህን የተማርኩት ከስዊድኖች አይደለም።
አባቴ ድንበሩ ያልዞረበት ሰፈር አዳማ ላይ የለም፤
"ቆራሌው!" እያለ፣ ጆንያውን አንግቶ፣
የተቀደደ ድስት፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ ገዝቶ፣
አንዴ በጥፍሩ መትቶ፣
"ይሄ አልቋል፤ ይሄኛው ገና ዕድሜ አለው" ይላል፣
ለሰው የሞተውን ዕቃ እንደ ሐኪም ያዳምጣል።
"የቆራሌው ልጅ" ሲሉኝ ግን፣ ያኔ፣
ወደ ቤት የምገባው በጓሮ ነበር እኔ።

ለካ ትልልቆቹ ሲጥሉ ነው የኖሩት!
አስቡት፤ አውቶቡስ በስንት ሚሊዮን ገዝተው፣
ከአዳማ ሐረር አንድ ቀን ነድተው፣
መንገደኛው ሲወርድ ገደል ቢሰዱት፣
ነጋ ሲባል ደግሞ ሌላ ቢገዙት፣
ትኬቱን ማን ይችላል? ወፈፌ ወይ ንጉሥ።
እንደዚያ ነበር ሮኬት፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ነፍስ።

አሁን ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ነዳጁን ጠጥቶ፣
ይቆማል ለአራተኛው ጉዞ ተዘጋጅቶ።
ዋጋው ወረድ ሲል ወረፋው ይረዝማል፤
ባለፈው ሳምንት ከአንድ ትንሽ አገር ደብዳቤ መጥቷል።
ተማሪዎች ናቸው። የጫማ ሣጥን የምታህል ሳተላይት ሠርተው
የአንበጣ መንጋ ከየት እንደሚነሣ ሊያዩ ነው።
"ቦታ አለ ወይ?" ይላሉ። "ስንት ነው?"
ስንት ነው! ሰማይን፣
እንደ ቲማቲም።

ኒላ ግን አልሳቀም።
ኒላ አጋዘን ያረባል፣ ከጣቢያው በስተሰሜን።
"ሲተኮስ ጉድጓድ ግቡ ይሉት ነበር አያቴን፤
የበረቴ መዝጊያ" አለኝ፣ "የሮኬት ክንፍ ነው፣
ከግጦሹ መሐል ወድቆ ያገኘነው።"
(ቆራሌው! አልኩ በልቤ።)
"አሁን ከራሴ ላይ አይወድቅም፤ እሰየው።
ግን ከረከሰ፣ በየቀኑ ሊተኩሱ ነው፤
አጋዘን ርካሽ ጩኸትና ውድ ጩኸት አይለይም።"
መልስ አልነበረኝም። ሾርባችን በረደ።

የምንኖርባት ከተማ፣ ማዕድን ሥሯን ሲበላው፣
ቤተ ክርስቲያኗን አላፈረሰችው፤
በጎማ ጭና፣ በዝግታ፣ ወደ አዲሱ ሰፈር ወሰደችው።
ያን ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አባቴን አሰብኩ፤
ይህን የሚያህል ጆንያ ቢያይ ምን ይል ነበር?

ሦስተኛው እግር ላይ ድምፁ ሰለለ።
ደገምኩት፤ ያው ነው፣ እንደ ጉንፋናም ሳለ።
በነጭ ጠመኔ ቦታውን ከበብኩ።
ቅጹን ገለጥኩ። በስዊድንኛ ሁለት ሣጥን፣
አንዱ "ይጠገን"፣ አንዱ "ይጣል"።
ጓንቴን ሳላጠልቅ፣ በደነዘዘ ጣት፣
ከመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረግሁበት።
ሁለተኛው ሣጥን ባዶውን አደረ።