አልተከፈተም

ለገሃር ጥግ ቆሞ፣ ቁልፍ እያሽከረከረ፣
እንዳሻው ደላላው እንዲህ ብሎኝ ነበረ፦
«ሞተሩን ስማልኝ፤ ልክ እንደ ሰዓት፣
እሁድ እሁድ ብቻ ዶክተሩ የነዳት።
ናፍጣ ናት፤ አትበላም፤ ጥቂት ነው ቀለቧ፤
ካዛንቺስ ሞልተሃት ደሴ ነው ረሃቧ።
ዘይቷ አልጎደለ፤ ጭሷ አልበረከተም፤
በእናቴ! ሞተሩ አንዴም አልተከፈተም።»

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤ ደረሰኝ ሳላይ አላምንም፤
ያን ቀን ግን ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ምንም።
የስድስት ዓመት ዕቁብ በፌስታል ቋጥሬ፣
ሊብሬዋን ታቅፌ ገባሁ ተሽከርክሬ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቸርችልን ስወጣ፣
ከኋላዬ ጥቁር የሐምሌ ደመና መጣ።
የታክሲው ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣
«ጋሼ፣ ቤት ይቃጠላል!» አለኝ በሣቅ ሞቶ።

ጌጃ ሰፈር ሄድሁኝ። ጋሽ ዘርጋው ፖምፒስታ፣
ጆሮውን ሞተር ላይ ጣል አድርጎ ለአንዳፍታ፣
እንደ ነፍስ አባት ዓይኑን ጨፍኖ አደመጠ፤
«ሦስተኛው ይስላል» አለና ተቀመጠ።
«ኖዝሉ ያለቅሳል፤ ፓምፑም አርጅቷል፤
ይህ ሞተር፣ ልጄ፣ ብዙ እጅ አይቶታል።»
«አልተከፈተም እኮ?» ስለው አልመለሰ፤
የተላጠ ብሎን በጣቱ ዳሰሰ።

ሞተሩ ተከፈተ።
እኔም አብሬ ተከፋሁ።
ከፈልሁ።
ከከፈልሁም ወዲያ፣ ከፈልሁ፤ ደግሞ ከፈልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ገዛሁላት፣
ባለ ሠላሳ ስድስት ገጽ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት።

ጥቅምት አራት። ኖዝል፣ አራት ፍሬ። ሶማሌ ተራ፣ ከሸምሱ ሱቅ።
«ኦርጅናል» አለ። ኦርጅናሉ ዋጋው ነበር።
ኅዳር ሃያ። ካንዴሌታ። ብርድ ይዟት አልነሣም ብላ
ሦስት ጎረምሳ ከስታዲየም እስከ ፍልውሃ ገፋት። የሻይ፣ ለጎረምሶቹ።
ጥር ሁለት። ጓርኒሲዮን። ቴስታታው ተጣሞ ቶርኖ ቤት ገባ።
መጋቢት። ፍሪሲዮን። ቀኑን አልጻፍሁም፤ አፍሬ።
ግንቦት። ናፍጣ የለም ተባለ፤ ሰልፍ ላይ አደርን።
ጥገና አይደለም፤ ግን ጻፍሁት።
ሰኔ። «የልጅህ ጫማስ በየትኛው ገጽ ነው?» አለችኝ አስካለ።
መልሱን አልጻፍሁም።

አንድ ማታ ደመርሁት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፤
ቁጥሩን አይቼ ዝም አልሁ፤ አስካለም እንዳትሰማ።
ዳገት ላይ ብስክሌት እንኳ የሚቀድማት፣
በስተመጨረሻ ጥገናዋም ቀደማት።

ልሸጣት ቆረጥሁ። ቅዳሜ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ፣
ኪሩቤል የሚባል ልጅ፣ ጺሙ ገና ያልደረሰ፣
በመዳፉ ኮፈኗን እንደ ፈረስ ዳበሰ።
«ሞተሩ ተከፍቷል?» አለ፤ ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመ፤
የእንዳሻው መሐላ ምላሴ ላይ ቆመ።
ልትፋው? ልዋጠው? አንዱ ታክሲ ጡሩምባ ነፋ፤
አፌ ዝም እንዳለ፣ እጄ ደብተሩን ለልጁ ገፋ።

ገጽ በገጽ አነበበ፤ ከንፈሩ እየቆጠረ፤
እኔም ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጫማዬን ሳይ ነበረ።
ሲጨርስ ፊቱ በራ፦ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ከተቀየረ፣
ታዲያ የሚሰበር ምን ቀረ?»

ውሸት በውድ ገዝቼ፣ እውነት በቅናሽ ሸጥሁ፤
ብሩን እየቆጠርሁ ግን ሌባ ሌባ ሸተትሁ።

ቁልፉን ሰጠሁት። ደብተሩንም። አራት ገጽ ባዶ አለው።
ወደ ለገሃር ወረደ። አምራለች።
ቁልቁለት ላይ ማን ያስላል?
መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ቆመች። አረንጓዴ፤ ተነሣች፤
ሰማሁት፣ ከዚያ ሁሉ ጡሩምባ መሐል፣
ሦስተኛውን።
ያው ሳል።

እጄ ሳላዘው እርሳሴን ከኪሴ አወጣ።
ደብተር የለኝም።
የታክሲው ሰልፍ አንድ ሰው ቀደም አለ፤ እኔም ቀደም አልሁ፣
ቀኑንም መዳፌ ላይ ጻፍሁት።