የአባት ስም

አርባ ሁለት ወረቀት፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣
ከባህል ቢሮ ወጥቶ ሳሙና በር ቤቴ ገባ።
የኔ ሥራ ስም ነው፤
በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ፣
የሰው ስም ከነአያቱ ማሳመር ወረቀት ላይ።
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ በሰው ስም ደጃፍ፣
አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልገድፍ።

ስድስቱን ጨረስኩ። ሰባተኛው ላይ ብዕሬ ደረቀ።
ስም፦ ሎሚታ።
የአባት ስም፦
የአያት ስም፦
ዘርፍ፦ የዓመቱ ተወዛዋዥ፣ በስክሪን።

ሎሚታን ማን የማያውቅ አለ?
ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በየባጃጁ ስልክ ላይ ትከሻዋ እየዘለለ፣
ላብ የማይወርዳት፣ አባት ያልወለዳት፣
ከብርሃን ነጠብጣብ የተሠራች ልጅ ናት።

ወደ ቢሮው ወጣሁ። ኮሚቴው ተሰብስቧል፣
ክርክሩ እንደ ድስት ገንፍሏል።
አቶ እንዳላማው አሉ፦ «ጥላ አይሸለምም፤
ለጥላ ያጨበጨበ ባለጥላውን አላየም።»
ወይዘሮ ሽታዬ፦ «ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው
ለሷ ነው፤ ለሌላ ሰው የምናስረክበው
በማን ሥልጣን ነው?»
ጎሹ፣ የሒሳቡ ሹም፣ መነጽሩን አወለቀና
«ችግሩ ሌላ ነው» አለ።
«ሃያ ሺህ ብሩን ማን ፈርሞ ይውሰድ?
ግብሩስ ከማን ይቆረጥ? ከመብራት?»
ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ሳቁ ሲያልቅ ባዶው መስመር እዚያው ነበረ።

ማታ በሬ ተመታ።
ቀጭን ልጅ፣ ቀን ቀን ማራኪ ፋርማሲ የምትሸጥ፣
በክንዷ ላይ ሽቦው የተወው ሰንበር፣
«ትከሻው የኔ ነው» አለች ሳይቀርብላት ወንበር።
«ፊቷን የሣላት ጋሻነህ ነው፤ ድምጿ የእህቱ የዝናሽ።
ለሦስት ብንቆርጣት ደም አይወጣትም፤
ግን ትሞታለች፣ አባባ።»

«ታዲያ ያንቺን ስም ልጻፍ?»

«ይተዉት። እኔን ጨለማው ተመችቶኛል፤
ነገ ሽሮፕ ስሸጥ ትከሻዬን የሚያይ አልፈልግም።
አባቴ ግን ቡርቧክስ ተወልዶ፣ አርባ ዓመት ማሲንቆ ይዞ፣
ብር ግንባሩ ላይ ሲለጥፉ «አንተ አዝማሪ» ነበር ስሙ።
ብሩን ያስታውሳሉ፣ ግንባሩን ረሱ።
ይህን እስክስታ ያወረሰኝ እሱ ነው።
ባዶው ላይ እሱን ይጻፉልኝ። ውባንተ ይበሉት።»

«ስምሽስ?» አልኳት በሩ ላይ።
«ማናህሎሽ። ለጆሮዎ ብቻ።»

ወረቀቱን ሳየው አመሸሁ።
ልጅ ሆኜ ብራና ስፍቅ የኔታ ያሳዩኝ ነበር፦
መጽሐፍ የገዛ ጌታ የፊተኛውን ስም በምላጭ ይፍቃል፣
የራሱን ይጽፍበታል፤
ቆዳ ግን ቂመኛ ነው፤
አዘንብለህ ብርሃን ስታሳየው የተፋቀው ይነሣል።

በጥቁር ጻፍኩ፦ ሎሚታ።
በቀይ ጻፍኩ፦ ውባንተ፤
ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው ብለው ባስተማሩኝ ቀለም።
ከዚያ ወስፌዬን አነሣሁ፣
መስመር የማሰምርበትን፣ ቀለም ነክቶት የማያውቀውን፣
ከሥሩ ጫር ጫር አደረግሁ፦ ማናህሎሽ፣ ጋሻነህ፣ ዝናሽ።
ለጆሮዎ ብቻ ብላኛለች፤
ወስፌም ለዓይን አይጽፍም።

ለሽልማቱ ማታ አልሄድኩም። ብዕሬን እያጠብኩ
ከጎረቤት ራዲዮ ሰማሁ፤
አስተዋዋቂው «ሎሚታ…» አለና ምራቁን ዋጠ፤
«…ውባንተ» አለ።
ስክሪኑ ላይ እጅ ነሣች አሉ፤ ጭብጨባው ረዘመ።
ወረቀቱን ማን ተነሥቶ እንደወሰደው፣ ለብሩ ማን እንደፈረመ፣
አልሰማሁም።

እጅህ የገባ እንደሆነ ግን መስኮት ፈልግ፤ አዘንብለው።
ሦስት ስም ታነባለህ።
ከግርጌው፣ ወርቁ የሚልጥበት ጠርዝ አጠገብ፣
አራተኛ አለ፤
እሱን አልነግርህም።