ጣሪያ የሌለው

በዊስኮንሲን ገጠር ፖስታ አድላለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በር በሩን አውቃለሁ፣
የቱ ውሻ ነካሽ፣ የቱ ጯሂ ብቻ።
ጥቅምት ሲገባ ግን፣ ሲጦፍ የምርጫ ዘመቻ፣
ትከሻዬን ይልጣል የቦርሳው ማንገቻ።

ደብዳቤ አይደለም፤ የሚያብለጨልጭ ካርቶን ነው፣
የግሌን ሩስታድ ፊት ጠቁሮ የታተመው፦
«ትምህርት ቤታችንን ሊዘጋ ነው ይሄ ሰው!»
(ግሌን የልጄ የኬሚስትሪ መምህር ነው።)
ከታች በደቃቅ ፊደል፣ መነጽር በሚያሻ፣
«ከፋይ፦ ብሩህ ነገ። ዕጩው የለው ድርሻ።
ፖስታ ሳጥን ዘጠና» ይላል መጨረሻ።

ማነው ብሩህ ነገ? ማን ወልዶት የት አደገ?
ሳጥን ሙያዬ ነው፤ በሳጥን አልሞኝም፣
ሳጥን ውስጥ የሚኖር ሰው አይቼ አላውቅም።
ብሩ ከሌላ ሳጥን፣ ያም ከሌላ ሳጥን፣
እየተቀባበሉት፣ ሰጪው ይላል ብን።

ሕጉማ ግልጽ ነው፦
ለዕጩው የምትሰጠው ልክ አለው፣ ጣሪያ አለው፤
ለሳጥኑ ግን ስጥ፤ ስጥ፤ ጣሪያ የለው።
ብቻ ዕጩና ሳጥን ነውር ነው ቢያወሩ፣
ወንጀል ነው በምስጢር ቢመካከሩ።

እነሱም አላወሩ።

ዌንደል ክራውስ ብቻ፣ የግሌን ተቀናቃኝ፣
ድረ ገጹ ላይ አንድ ቪዲዮ አስቀመጠ፦
ጥጃ ሲያሻሽ፣ አጥር ሲያቃና፣ ሲስቅ፣ ሦስት ደቂቃ፣
አንድ ቃል ሳይወጣው፣ ያለ ምንም ሙዚቃ።
«ለማን ይሆን?» አልኩኝ።
በሳምንቱ ያው ጥጃ፣ ያው አጥር፣ ያው ፈገግታ
በቴሌቪዥን መጣ፣ በዜና ሰዓት፣ ማታ፤
ያ ዲዳ ቪዲዮ በብሩህ ነገ ድምፅ አፉን ፈታ።
አልተነጋገሩም፤ እምላለሁ።
እባብ ለእባብ፣
ይተያያሉ ካብ ለካብ።

ቬርና ቶለፍሰን፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ሳል የሚቆራርጠው አንድ ድምፅ ነው ሀብቷ።
«ብር ማውጣትም ድምፅ ነው» ብለዋል አሉ ዳኞቹ፤
«እንግዲያ» አለችኝ፣ «ሹክ ባይ እኔ፣ ባለ ጡሩንባ ሌሎቹ።
ለኔ አንድ ድምፅ ብለው ሠላሳ አንድ ካርቶን!
ብሩን ቢሰጡኝ ኖሮ ባስጠገንኩ ቤቴን።»

ትናንት ዝናብ ነበር። ሠላሳ ሁለተኛውን ይዤ
ሳንኳኳ፣ «ግባ» አለች፣ «መሰላል ውጣልኝ፤
ካርቶኑ ሰም አለው፣ ውሃ አያስገባልኝ።
ሰሙስ ይኸው በእጄ፤ ወርቁን ማን አይቶልኝ?»

ወጣሁ፣ ሚስማር በጥርሴ ነክሼ።
የግሌንን የጠቆረ ፊት ከዌንደል ነጭ ጥርስ ጎን፣
ጣሪያው በተቀደደበት፣ ቸነከርኩ።

ጠብታው ቀነሰ።
አልቆመም።