ገባችሁ?

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፤
ባዮሎጂ፣ ዘጠነኛ ክፍል፤ ጠመኔ ከጣቴ አይለቅም፣ እንደ ሁለተኛ ጥፍር።
ልብ ቦርዱ ላይ ስስል፣ ሁሌም ድንች ይሆንብኛል፤
ነጂብ ከኋላ ወንበር፣ «ድንች ይመታል እንዴ፣ ቲቸር?» ይለኛል።

ዘንድሮ ቪዲዮ ፍለጋ ገባሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ አጎንብሼ፣
የወር ዳታዬን በአንድ ሌሊት ጨርሼ።
አንዱ ፈረንጅ እንደ ጥይት ይፈጥናል፣ ልጆቼ ሳይደርሱበት ይሄዳል፤
«ልብ» ብዬ በአማርኛ ስጽፍ ደግሞ የፍቅር ዘፈን ይደረደራል።
አንዷን ወደድኳት፤ ጥርት ያለች አስተማሪ። ክፍል ወሰድኳት። ሁለት ደቂቃ ሄዳ
ክብ ሆነች። ክቡ ዞረ። ስልሳ ሦስት ተማሪ አፍጥጦ አየው፣ እንደ እንግዳ።
«ቲቸር፣ የደም ዝውውር ማለት ይሄ ነው?» አለ ነጂብ።
እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ወሰንኩ፦ እንቀርፃለን፣ የራሳችንን ልብ።

መንደራ፣ ሥጋ ቤት። «የበሬ ልብ ስጠኝ፣ ሳትከትፍ፣ ሙሉውን» አልኩ፤
«ለጥብስ እንዲህ አይሆንም።» «ለትምህርት ነው» ብዬ ከፈልኩ።
አባ መጫ ትንሽ አሰበና ጉበት መረቀልኝ፤
«እንግዲያ ይሄንም አስተምርልኝ።»

ኢፍቱ ስልኩን ከጠመኔ ካርቶን ጋር በላስቲክ አሰረችው፤
መብራት ሄደ። መስኮት ከፈትን። ዝንብ መጣ፤ ዘሃራ በደብተር አባረረችው።
ቢላዬ ወፍራሙን ግድግዳ አልፎ ጓዳው ሲከፈት
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ተገለበጠ፣ እንደ ጠጠር ጭነት።
«ይቁም?» አለች ኢፍቱ። «አይቁም!» ጮኼ ጮኼ ቀጠልኩ፤
ከቫልቩ እስከ ትልቁ ደም ቅዳ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ዘለቅኩ።

ማታ ልቆራርጠው ተቀመጥኩ፣ አቆራረጡን ከልጄ ተምሬ፤
ራሴን ሳስተምር አይቼ አላውቅም ነበር፣ እስከ ዛሬ።

«ገባችሁ?» ይላል ሰውየው። ትንፋሽ ሳይወስድ ያልፋል።
ዘሃራ አፏን ከፈት አድርጋለች፤ ጥያቄው ከንፈሯ ላይ ይታያል።
ሰውየው ያልፋል።
ቆጠርኩ፦ በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ «ገባችሁ?»፤
አንድም ጊዜ የለም፣ «እስቲ፣ ምን ገባችሁ?»
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳሁ፣
«ማነው?» ሳይሉኝ ሄጃለሁ።

በማግስቱ ደገምን። ልቡ ጠቁሯል፤ ደግነቱ ካሜራ ሽታ አያውቅም።
ጠየቅኩ። ጠበቅኩ። እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ ክፍሌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።
ከጣራው የቀረ ጠብታ፣ አንድ ባጃጅ፣ የመስጊዱ ድምፅ ከሩቅ፤
ኢፍቱ ስልኩ የተበላሸ መስሏት ቀረበች፤ ጣቷ ሌንሱን ሸፈነው፤
ስክሪኑ በሙሉ ቀላ፣ ደማቅ።
ያን አልቆረጥኩትም። የልጅ ደም ነው፣ ፀሐይ ገብታበት።
ይቆይ አልኩ፣ ባለበት።

ሌሊቱን ሲጫን አድሮ፣ ሲነጋ ሰባ ሁለት በመቶ ደረሰ።
ለቁርስ ስንቀመጥ መብራት ሄዶ ወደ ዜሮ ተመለሰ።
በሦስተኛው ቀን ወጣ። ሃምሳ ሰባት ሰው አይቶታል፤ አሥሩ እኔ ነኝ።
በፍላሽ ግን፣ ከስልክ ስልክ እየዘለለ፣ ሰኮሩ ደርሷል አሉኝ።

ትናንት ዘሃራ፣ በክፍል ቃል የማይወጣት፣
በር ላይ ጠብቃኝ፣ ዓይኗን መሬት ጥላ፦
«ቲቸር፣ አሥራ አራት ጊዜ አቆምኩዎት።
አቆምና አስባለሁ፣ እለቅና እመልስዎታለሁ።
ግን… ሦስት ክዳን ያለው ቫልቭ በቀኝ አይደል?
እርስዎ በግራ ብለዋል።»

ብዬ ነበር።

እንደ እሷ ያቆመኝ ሰው የለም፤ ዳይሬክተርም፣ ሱፐርቫይዘርም።
ቆምኩ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ደብተሬን ብብቴ ውስጥ አድርጌ፤
መቆም እንዲህ እንደሚያቆም አላውቅም ነበር፤
ቅዳሜ ሌላ ልብ እገዛለሁ።
አባ መጫ ጉበት ይጨምር ይሆናል።